ቀስቷ ካልቆመች ቁልፍ አልሰጥም

አየር ጤና ከአደባባዩ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ፣ መሬቱ የመኪና ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ በጠቆረበት የጋራዦች መንገድ ላይ፣ ዱባለ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። የታናሽ እህቴ የሰርኬ ባል ነው። እኔ ዋጋነሽ እባላለሁ፤ እዚያው መንገድ ጫፍ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ስለ ዱባለ የማወራው ስለምወደው ነው፤ ሳወራ የተናደድኩ ከመሰላችሁ ግን አልተሳሳታችሁም። ይህ ሰው ቀስ ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለምክር ይጠቅሰዋል፤ ዱባለ ይኖርበታል።

ባትሪው የማይሞላ፣ መብራቱ የሚደበዝዝ፣ ማለዳ አልነሳም ብሎ የሚያኮርፍ መኪና ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። በተለይ የአሮጌ መኪና ሐኪም ነው። በአሮጌ መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት፣ የአምፔር ቆጣሪ የሚባል ትንሽ ክብ መስታወት አለ። ውስጡ አንዲት ቀስት አለች። ቀስቷ ከመሃል ወደ ቀኝ ካጋደለች ዲናሞው ባትሪውን እያበላው ነው፤ ወደ ግራ ካጋደለች ባትሪው ያለውን እየሰጠ፣ እየተራበ ነው። ዋናው ነገር አንድ ቦታ ረግታ መቆሟ ነው። ከተንቀጠቀጠች የሆነ ነገር ልክ አይደለም፤ ወይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል፣ ወይ ዲናሞው ታሟል፣ ወይ አንድ ቦታ ገመድ ተላቋል። ባለመኪናው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ችግር የለውም እንዲሁ ልሂድ ቢል፣ የዱባለ መልስ አንድ ነው።

"ቀስቷ ካልቆመች ቁልፍ አልሰጥም።"

ችግሩ፣ ቀስቷ ያለችው መሪው ጋ፣ ገመዱ ያለው ኮፈኑ ሥር ነው። አንድ ሰው ሁለቱም ጋ መሆን አይችልም። ሰርኬን ያገባ ሰሞን ምሳ ይዛለት ብትመጣ፣ እስቲ ቁጭ በይና ቀስቷን እያየሽ ንገሪኝ አላት። እሷም ወጣች፣ ወረደች፣ ኧረ ተመለሰች ስትል ቃሉን ሁሉ የሞተሩ ጩኸት በላው። እህቴ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ናት። ትዕግሥቷ ሲያልቅ ነገሩን ዜማ አደረገችው። ቀስቷ ወደ ቀኝ ስትወጣ ድምፅዋን ታወጣለች፣ ወደ ግራ ስትወርድ ታወርዳለች፣ ስትንቀጠቀጥ ታርገበግበዋለች። ግጥም የለውም፣ እንዲሁ ማዜም ነው። ዱባለ ከኮፈኑ ሥር ሆኖ ገመዶቹን አንድ በአንድ ሲነካካ፣ የትኛው ላይ ድምፅዋ እንደተሰበረ ሰማና እዚያው ላይ ብልሽቱን ያዘው። ጎረቤቱ ረሻድ ጎሚስታ ነው፤ ያን ቀን የሚለጥፈውን ጎማ ጥሎ ሳቀ።

"ሰው መኪና ይጠግናል፣ ዱባለ ያስዘምራል" አለ። እስከ ዛሬም ይላል።

ልጃቸው ናዝራዊት ከፍ ስትል ቦታውን ከእናቷ ወረሰችው። እግሯ ፔዳል ሳይደርስ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ የሰው መኪና ላይ ትወጣና፣ "አባዬ፣ ዛሬ የማንን ነው የምንዘምረው?" ትለው ነበር። ዱባለ በድምፅዋ ቀስቷን ብቻ ሳይሆን የልጁን ውሎም ያውቃል። አንድ ጊዜ ሒሳብ ወድቃ መጥታ ስትዘምርለት ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እሱ ብልሽት መስሎት ጤነኛ ዲናሞ አውርዶ ፈታትቶ ገጠመ። ባለመኪናው እስከ ዛሬ ያን ዲናሞ ምን ነክቶት እንደነበር አያውቅም።

እንግዲህ ይህች ልጅ ናት ባለፈው ጥር የተዳረችው። ባሏ ዘርዓብሩክ መምህር ነው፤ ጭምት፣ ደግ ልጅ። ቤታቸው ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ነው። ከእኛ ሰፈር ዓለም ባንክ ማለት ሚኒባስ ውስጥ ገብተህ ወሬ ሳትጨርስ የምትወርድበት ቦታ ነው። ዱባለና ሰርኬ ግን ልጅቷ ባህር ማዶ የምትሄድ ይመስል ሲተክዙ ሰነበቱ። እኔም ተዉ እንጂ፣ ቢናፍቃችሁ እኮ በእግራችሁም ትደርሳላችሁ አልኳቸው። ማን ሰምቶኝ።

ዱባለ የራሱ መኪና አለው። አሮጌ፣ ግራጫ የመስክ መኪና ነው፤ መልኩ ዳለቻ በሬ ስለሚመስል ስሙም ዳለቻ ነው። ከየቦታው ቁርጥራጭ ሰብስቦ ነፍስ የዘራበት እሱ ነው። ናዝራዊት የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በዳለቻ፣ አባዬ እየነዳ ነው አለች። የሙሽራው ወገኖች ግን ነጭ፣ የምታብረቀርቅ መኪና ተከራይተው ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ተስማሙ። ዳለቻ ደህና ከሆነ በዳለቻ ትሄዳለች። ካልሆነ ሙሽሮቹ በነጯ መኪና ይሄዳሉ፣ ዱባለ ከሽማግሌዎች ጋር በአውቶቡስ ይከተላል። ዱባለም እሺ አለ፤ "እኔም ቀስቷ ካልቆመች ልጄን አልጭንም" አለ። የገዛ ሕጉ ነውና ማን ይከራከረዋል።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ ዳለቻ ታጥቦ፣ ፊቱ በአበባ ተሸፍኖ፣ ኮፈኑ ላይ ነጭ ሪባን ተወጥሮለት ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። አበባውን ያሰረው የዱባለ ታናሽ ወንድም አማኑ ነው። አማኑ የኤሌክትሪኩን ሥራ ከዱባለ ተምሮ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ድራም ይመታል። አበባውን ሲያስር አድሮ፣ ሲነጋ ድምፅ ማጉያውን ላስተካክል ብሎ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ቀድሞ ሄዷል።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። መዘምራኑ በር ላይ ተሰልፈው እየዘመሩ ነው። ዱባለ አዲስ ሱፉን ለብሶ ሞተሩን ሊያሞቅ ገባ። አስነሣው። ከዚያ ወደ መሪው አጎንብሶ ቀረ። ምን ሆነ ብዬ በመስኮቱ ባይ፣ ቀስቷ ትጨፍራለች።

"ምንም አይደለም፣ ሂድ ዝም ብለህ" አልኩት።

"እትዬ፣ ባትሪው ባዶ ሆኖ ሙሽራ ጭኜ ማዞሪያው ላይ ቢቆምስ?" አለኝ፤ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና ኮፈኑን ከፈተ። ሪባኑ ተበጠሰ።

ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ውጥር ነው። የባትሪውን ራሶች ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ መልሶ አጠበቀ። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ዳበሰ፤ ደህና ነው። ቀስቷ ያው ናት። እኔ ኮት ታቅፌ፣ ጠባብ ጫማ ተጫምቼ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ከዘይት እየጠበቅሁ ከጎኑ ቆሜያለሁ። አንደኛ ሚዜው ብሩኬ የተባለ ችኩል ነው፤ ሰዓቱን ለዱባለ ሳይሆን ለእኔ ያሳየኛል። ሰዓት የምሠራው እኔ ይመስል።

"እትዬ፣ ነጯን መኪና ላስጠጋ?"

"አስጠጋና ራስህ ግባባት" አልኩት። ቀና ብዬ ሳይ ግን ዱባለ ሰምቶታል። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ያኔ ነው እኔም የምር የተጨነቅሁት። ይህ ሰው ልጁን እየነዳ ሊያደርሳት ያልማል፣ ደግሞም ከሕጉ ንቅንቅ አይልም።

"የሚያዜምልኝ ሰው ስጡኝ" አለ።

ሰርኬ ወጣች። አፏን ብትከፍት ድምፅ የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ በሽር ጉዱና በእልልታው ድምፅዋ ተዘግቶ በምልክት ነበር የምታወራው። እኔ እንዳልሞክር ሁሉም አብረው ተከላከሉኝ፤ ድምፄን ያውቁታል። ያኔ ናዝራዊት ቬሏን በአንድ እጇ ጠቅልላ፣ ቀሚሷን በሌላው ሰብስባ መጣችና መሪው ጋ ገባች። ዘርዓብሩክ የቀሚሱን ጅራት ከኋላ አነሣላት።

"አባዬ፣ ዛሬ የማንን ነው የምንዘምረው?" አለችው።

"የራሳችንን" አላት።

ሞተሩ ተነሣ፣ እሷም ጀመረች። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነው የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። መዘምራኑ ዜማ ሰምተው ዝም ማለት አይችሉም። ልጅቷ ከፍ ዝቅ ስትል እነሱም ያዙላት። ወፍራሙ ድምፅ ከሥር ገባ፣ ቀጭኑ ከላይ፣ ጭብጨባውም ተጨመረ። የተሰበረውን ሞልተው፣ የተንቀጠቀጠውን ደግፈው፣ ግጥም የሌለውን የቀስቷን ዜማ የሚያምር ዝማሬ አደረጉት። ዱባለ ከኮፈኑ ሥር የዲናሞውን ገመድ ያጠብቅ ነበር። ያ የረጋ ድምፅ ሲደርሰው ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

"ቆመች" አለና ኮፈኑን ዘጋ።

እልልታው ቀለጠ። እኔ ራሴ አቅልጬዋለሁ። ብሩኬ ወደ በሩ ሮጠ፣ ሽማግሌዎቹ አውቶቡሱ ላይ ወጡ፣ ዱባለ እጁን ታጥቦ ኮቱን ለበሰ። ናዝራዊት ብቻ አልተንቀሳቀሰችም።

"አባዬ፣ አልቆመችም እኮ።"

ዱባለ በመስኮቱ አየ። ቀስቷ እንደ ጠዋቱ ትጨፍራለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ኮቱ ወደ እኔ ተመለሰ።

ዱባለ መዘምራኑን ዝም እንዲሉ ለመናቸው። እሺ አሉ፤ ናዝራዊት ስትጀምር ግን አንዷ ከሥር ማንጎራጎር ጀመረች። ያን ጊዜ እኔ ወደ እነሱ ዞርኩ። ምን እንዳልኳቸው እዚህ አልጽፈውም፣ ፓስተሩም ቆመው ነበር። ግቢው ጸጥ አለ።

አሁን የሞተሩ ድምፅና የልጅቷ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትላለች። ዱባለ የዲናሞውን ገመድ ወዘወዘ፤ ዜማዋ አልተለወጠም። የሬጉላተሩን ነካ፤ አልተለወጠም። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ቆመ። እዚያ ማዶ ረሻድ ለሠርግ በተወለወለ ጫማው መሬቱን መታ መታ እያደረገ ነበር። የዱባለ ዓይን ጫማው ላይ ቀረ።

"ረሻድ፣ ምን እየመታህ ነው?"

"ልጅቷ የምትለውን ነዋ።"

"ምቱ ስቶህ ያውቃል?"

"ምኑ ይስታል። እኩል እኩል ነው።"

ዱባለ ለብቻው ሳቀ። ያን ቀን ሲስቅ ገና ማየቴ ነበር።

"የላላ ገመድ እንዳሻው ነው የሚነካው፣ እንዳሻው ነው የሚለቅቀው። ብልሽት ምት አይጠብቅም" አለ። "ይሄ ብልሽት አይደለም። ሰው ነው።"

ሰው ነው ሲል እኔ ጎንበስ ብዬ ከመኪናው ሥር አየሁ። ሌሎቹም አዩ።

እሱ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ፣ ከመኪናው ቁልፍ የሚመጣውን ገመድ ከመነሻው ጀምሮ በጣቱ እየዳበሰ ሄደ። መሃል ላይ ቆመ። አንድ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ አለ። ዱባለ ገመድ ቀጥሎ ፕላስተር ሲጠቀልል፣ ጫፉን መልሶ አጥፎ ትንሽ ጆሮ ያወጣለታል፤ ነገ የሚፈታው ሰው በጥርሱ እንዳይታገል። አየር ጤና ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ የለም። ይሄኛው ቅጥያም ጆሮ ነበረው።

"ከጠዋት ጀምሮ የራሴ ሥራ መስሎኝ ሳልፈው ነበር" አለ። "እዚህ ጋ ግን ቀጥዬ አላውቅም።"

ይህን ጆሮ ያስተማረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። "አማኑ" አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

ገመዱ በጥንቃቄ ተደብቆ ወደ ፊት ይሄድና አበባው ውስጥ ይገባል። ዱባለ አበባውን ገለጥ አደረገው። ከጭነት መኪና ላይ የወረዱ ብጫ የፍሬቻ አምፖሎች፣ ላምባዲናዎች፣ ተደርድረዋል። እጁን ቢያጠላባቸው፣ በፀሐዩ ያልታየው ብርሃን ታየ፤ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ። አማኑ አጎት ነኝ ብሎ፣ ሙሽራዋን ላስደንቃት ብሎ፣ ፀሐይ መኖሯን ረስቶ ለቀን ሠርግ መብራት አስሯል። ላምባዲናዎቹ በበሩ ቁጥር ቀስቷ ትወርዳለች፣ በጠፉ ቁጥር ትወጣለች። ደውለን ልንሰድበው ብንሞክር ስልኩን አያነሣም፤ ድራሙ ላይ ተቀምጦ ምን ይሰማዋል። የደከመው ብሩኬ ሳይቀር በሳቅ አጎነበሰ።

ዱባለ ጆሮውን ይዞ ፕላስተሩን ሳበው፤ ወዲያው ተፈታለት። ቅጥያውን አላቀቀ።

"በይ ናዚዬ፣ አሁን ዘምሪ።"

ጀመረች። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሰርኬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራት ያለ ድምፅ ታዜማለች። ወዲያው ድምፅዋ ረገብ አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተቆራረጠ። ምት የለውም። ረሻድ ጫማው እንደተነሣ ቀረ።

ዱባለ ከኮፈኑ ሥር ሆኖ፣ "ቀስቷ ቆመች?" አላት።

"ቆማለች አባዬ።"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚንቀጠቀጠው?"

"እኔ ነኝ" አለችው።

ኮፈኑ ፊቱን ጋርዶት ስለነበር ከጎኑ ካለሁት ከእኔ በቀር ያየው የለም። ጣቱ የጠበቀ ብሎን ላይ ሆኖ ያጠብቀዋል፣ መልሶ ያጠብቀዋል። እንባው ባትሪው ላይ ይንጠባጠባል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም ጠዋት ሙሉ ስነጫነጭ የዋልኩት ሴትዮ ኩሌ በጉንጬ ወረደ። ዓለም ባንክ ቅርብ ነው ያልኩት አፌ ተዘጋ። ቅርብ ነው፣ አዎ። ግን ነገ ከነገ ወዲያ አንድ አሮጌ መኪና ሲመጣ፣ ማን ነው መሪው ጋ ገብቶ የማንን እንዘምር የሚለው?

በመጨረሻ በእጅጌው ፊቱን ጠረገ።

"እትዬ፣ ያን ፕላስተር ያቀብሉኝ።"

"ምን ሊያደርግልህ? አልቋል አይደል እንዴ?"

"መልሼ ልቀጥለው ነው።"

"ዱባለ፣ ጤና የለህም?"

"ቀስቷ ትጨፍርላት" አለኝ ቀስ ብሎ። "መንገድ ላይ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ፣ መኪናው ነው ይባላል።"

የማርያም ብቅል ፈጪ አይደለሁም፣ በቀላሉ አልረታም። ያን ጊዜ ግን ፕላስተሩን አቀበልኩት። ቀጠለው፣ ጠቀለለው፣ ጫፉን አጥፎ ጆሮ አወጣለት። ኮፈኑን ዘጋ። ብሩኬ የተበጠሰውን ሪባን በእጁ ቋጠረው።

ሙሽራዋ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። እኔና ሰርኬ፣ ሙሽራውም በመሃላችን፣ ከኋላ ተጠጋግተን ገባን፤ ነጯ መኪና ብሩኬን ብቻ ይዛ ተከተለችን። ዱባለ ቁልፉን ሲያዞር እኔ ዝም አላልኩም።

"ቀስቷ ካልቆመች ቁልፍ አልሰጥም ያልከው ሰውዬ የት ሄደ?"

"ለማን ሰጠሁ?" አለኝ። "እኔው አይደለሁ የምነዳው።"

ከግቢው ስንወጣ ናዝራዊት ቀስቷን እያየች ማዜም ጀመረች፤ ከኋላ ያለው አውቶቡስ በመስኮቱ ተቀበላት፣ አሁን የሚከለክለው የለም። በየፌርማታው የቆመው ሰው እጁን ያውለበልባል። እስከ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ድረስ ቀስቷም ጨፈረች፣ ልጅቷም አዜመች፤ የትኛው መንቀጥቀጥ የማን እንደሆነ እኔ አልለየሁም። ዱባለ ቆጣሪውን አንድ ጊዜም አላየም። የልጁን እጅ ይዞ ነው የነዳው፤ ማርሽ ሊቀይር ካልሆነ በቀር አልለቀቃትም።